የሳካራያ ሳቅ

ኬሌራ ቀናተኛ ናት። ሐሜት አትበሉብኝ፤ ራሷም አትክደውም። በተጋቡ ሰሞን ሳካራያ እናቱ ጋ ሄዶ ሲያመሽ እንኳ ፊቷ ዳምኖ ነበር የምትጠብቀው። ሰውየው አናጢ ነው፤ ሳንቃ ሲልግ በእጁ ዳበስ ዳበስ ያደርገዋል። ጎረቤቶቿ ይህን እያዩ "ዛሬስ በእንጨቱም ቀናች" ብለው ይስቁባታል። እሷም "አዎ ቀናሁ፣ ምን ታመጣላችሁ?" ትላቸዋለች። ሴት ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ በኋላም ያው ናት። ቅናት ከዕድሜ ጋር ይበርዳል የሚሉ ሰዎች ኬሌራን አያውቋትም።

በፊጂ ደሴቶች ከሬዋ ወንዝ ዳር ካለች መንደር ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሱቫ የመጣችው በኮረዳነቷ ነው። በወደቡ አጠገብ ባለ የመርከብ ጭነት ወኪል ቢሮ ሻይ አፍልታ ለማደል ተቀጠረች። ቢሮው ድሮ የደረቀ ኮኮናት ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው፤ አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሲሚንቶ፣ በባሕሩ በኩል ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ መስታወት። ሠራተኛው ሁሉ በዚህ አዳራሽ ተደርድሮ ይቀመጣል። አንዱ ስልክ ሲያነሳ ሌላው ጆሮውን ይደፍናል፤ ወንበር ሲጎተት ጥርስ ያንገጫግጫል፤ አንድ ሰው ካስነጠሰ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይዞራል። ዝናብ ሲጥልማ ተዉት። ሱቫ ደግሞ ዝናብ የሚጥልባት እንጂ የሚያባራባት ከተማ አይደለችም።

ያንን አዳራሽ የሚችል ጉሮሮ የነበራት ኬሌራ ብቻ ናት። በዶፍ ዝናብ መካከል ቆማ የመርከብ ስም ስትጠራ ከወዲያኛው ጥግ ይሰማል። ካፒቴን በስልክ ስታነጋግር ስልኩ ባይኖርም ይሰማት ነበር ይሏታል። ሥራውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከሻይ ማደል አንስቶ የጭነት ሰነዶች ክፍል ኃላፊ ያደረጋት ያ ድምፅ ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ዝግ ብሎ መናገር የሚባለውን ነገር ረስታዋለች። ሰው ስታማም የምታማው እየጮኸች ነው። በዚያ አዳራሽ ሹክሹክታ ማለት እሱ ነበር፤ ከጎኗ ከምትቀመጠው ከሒሳብ ሠራተኛዋ ከሾብና በቀር የሚሰማት አልነበረም።

ሳካራያ ደግሞ ቃል የሚያልቅበት ይመስል ቆጥቦ ነው የሚናገረው። ቤት ውስጥ የምታወራው እሷ ናት። ስለ መርከቡ፣ ስለ ጉምሩኩ፣ ስለ ሾብና ምራት ታወራለታለች፤ እሱ "እህ" ይላል፤ እሷም ትቀጥላለች። እንዲህ ኖሩ። ክፉ ኑሮ አልነበረም።

ጣጣው የጀመረው ጩኸቱ የቢሮውን ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ኡርሚላን ራስ ምታት ሲያስይዛቸው ነው። ደንበኞች በስልክ መሰማማት አልቻልንም እያሉ ማማረር አበዙ። ሁለት አዳዲስ ሠራተኞችም ራሳችንን እያመመን ነው ብለው ለቀቁ። ሰሌን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ድምፅ ይውጣል የሚል ሐሳብ መጣና ሁሉም ከየመንደሩ እያመጣ አዳራሹን በሰሌን አለበሰው። ቢሮው የሠርግ ቤት መሰለ፤ ጩኸቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ጊዜ ኬሌራ አፏ አላርፍ አለ። "የእኔ ባል ይሠራዋል" አለች። "የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ ያስተካከለው ማን ሆነና? ፓስተሩ አንዴ የሰበኩትን ጣሪያው ደግሞ ይሰብክልን አልነበረም?"

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባሏን በገዛ እጇ ጎትታ ያመጣችው ራሷ ናት።

ሳካራያ መጣና በአዳራሹ መካከል ቆሞ መዳፎቹን ጎድጎድ አድርጎ አንዴ አጨበጨበ፤ ከዚያ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ትንሽ ራመድ ብሎ ደግሞ አጨበጨበ። በፊጂ እንዲያ የሚጨበጨበው ለአክብሮት ነውና ሾብና ለማን ነው አክብሮቱ ብላ ጠየቀች፤ እሱም ለጣሪያው ነው ብሎ መለሰላት። ያሳቃቸው መልሱ ሳይሆን ሳካራያ መመለሱ ነው። ድምፅ የሚበላው ውፍረት ነው አላቸው፤ ሰሌኑ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይሆንም። በእንጨት ሳጥን ውስጥ ታጥቦ የተበጠረ የኮኮናት ቃጫ ጠቅጥቄ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ጣሪያውና ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ፤ ከቆርቆሮው ሥርም አነጥፋለሁ፤ የወንበሩን እግር ሁሉ ጎማ አለብሰዋለሁ አለ። ወይዘሮ ኡርሚላ ተስማሙ። ኬሌራ በኩራት ደረቷን ነፍታ ዞር ስትል፣ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው።

"ባሌ መጣ! ተነሱልኝ፣ ባሌ ነው!"

ቶሪካ ናት። ሥራ ከጀመረች ገና ወራት ቢሆናት ነው። ዓሣ አጥማጅ የነበረው ባሏ ሲሬሊ ባሕር ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም፤ እሷም ሐዘኗን ይዛ ከደሴቷ ወደ ሱቫ መጥታ ቴሌፎኒስት ሆነች። ከሳካራያ ጋር የሚዛመዱት በእናቱ ወገን ነው፤ የእናቱ ወንድም ልጅ ናት። በፊጂ ደንብ እንዲህ ያሉ ሁለት ዘመዶች ሲገናኙ "ባሌ"፣ "ሚስቴ" እየተባባሉ ይቀልዳሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ከእጅ ላይ ይነጣጠቃሉ፤ ዝም ከተባባሉ ነው ተኳረፉ የሚባለው። በዚህ የምትቆጣ ሚስት ዘመድ የማታውቅ ተብላ መሳቂያ ትሆናለች። ኬሌራም ይህን ታውቃለች፤ እሷ ራሷ የአጎቷን ልጅ "አንተ ሽማግሌ ባሌ" ስትል ያደገች ናት። ስለዚህ ከሰው ጋር ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሆድ ሲያርርም ይስቃል።

ሥራው በሥራ ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ ውጭ ወደቡ ሰው አያስገባም። ሌላ ጣጣ ደግሞ እዚህ ላይ መጣ። ከሰው አናት በላይ እጅ መዘርጋት ነውር ነው፤ የሚዘረጋ ሰው አስቀድሞ "ቲሎ" ብሎ ያስፈቅዳል፣ ሲጨርስ ዝቅ ብሎ ያጨበጭባል። ሳካራያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ፣ ከሰው ሁሉ አናት በላይ ነው። ወይዘሮ ኡርሚላ አንዴ ለሁላችንም በለንና ይብቃ ቢሉት ፈገግ አለ እንጂ እሺ አላለም። በየጠረጴዛው እየዞረ "ቲሎ" ይላል፣ ይወጣል፣ ይሰቅላል፣ ይወርዳል፣ ያጨበጭባል። ለወይዘሮ ኡርሚላም፣ ለሾብናም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም እንዲያው ነው።

ቶሪካ ጋ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ ወጣ። አላስፈቀደም። ከቀልድ ዘመድ ጋር ማን ያስፈቅዳል? ጭራሽ ቃጫውን አናቷ ላይ አራገፈው። "አንተ ቀውላላ፣ ፀጉሬ ላይ የወፍ ጎጆ ልትሠራ ነው?" ብላ ጮኸች። ሳካራያም ሳቀ።

ኬሌራ ያንን ሳቅ ከሰማችው ስንት ዓመቷ እንደሆነ ልታስብ ብትሞክር አልመጣላትም። ቤት ውስጥ ከእሷ በላይ ካለው መደርደሪያ ጨው ሲያወርድ እንኳ "ቲሎ" ይላታል፤ ይህን አክብሮቱን ለእህቶቿ ስታወራው፣ ስትኮራበት ነው የኖረችው። አሁን ግን ኩራቱ እንደ ቆመ ወተት ኮመጠጠባት። ለእኔ ቲሎ፣ ለእሷ ሳቅ! አለች በሆዷ። እኔን እንደ ፓስተር ያከብረኛል፣ ከእሷ ጋር እንደ ሰው ይጫወታል። ይህን ለሾብና ስትነግራት ሾብና "የእኔ ባል ወይ አያከብረኝ ወይ አያጫውተኝ፤ አንቺ በምን ተጣላሽ?" አለቻት።

ምሳ ሰዓት ደግሞ ሌላ እሳት ነበር። ኬሌራ በሌሊት ተነስታ ካሳቫ ቀቅላ፣ ዓሣ ጠብሳ ታመጣለታለች። አጠገቧ ተቀምጦ መብላት ሲጀምር ቶሪካ ትመጣና የዓሣውን ሥጋ ከእጁ ላይ መንጭቃ፣ "ባሌ ሚስትህ ሙያ አላት፣ አትፍታት" እያለች እየበላች ትሄዳለች። ይህም የተፈቀደ ነው። እንኳን ዓሣ፣ ሸሚዙን ብትገፈው የተፈቀደ ነው። ኬሌራ ግን በማግስቱ ዓሣውን ትታ ካሳቫውን ብቻ አመጣች። ሳካራያ ዓሣው የት ሄደ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ በላ፤ ይህም አናደዳት።

እስካሁን ያለው ሁሉ ቆሽት ያሳርራል እንጂ አይገድልም። ቢያንስ ቶሪካ የምትለው ሁሉ ለሰው ሁሉ ይሰማል። ነገሩ የከፋው የአዳራሹ ግማሽ ሲያልቅ ነው። ሳካራያ የጀመረው ስልኮቹ ካሉበት፣ ከቶሪካ በኩል ነበር። ያ ጥግ በቃጫና በጨርቅ ሲሸፈን ለስለስ አለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው መጮኽ አያስፈልገውም፤ የኬሌራ ወገን ግን እንደ ድሮው ያጓራል። ስለዚህ ኬሌራ ከሩቅ ሆና የምታየው አፍ ብቻ ሆነ። ቶሪካ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቀስ ብላ ታወራለች፤ ሳካራያ መሰላሉ ሥር ተንበርክኮ ምስማሩን እየለየ ይሰማታል። አንዳንዴ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ግን ኬሌራ ጋ አይደርስም።

እስቲ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ቀልድ በአደባባይ ሲሆን ቀልድ ነው። "ባሌ" ብሎ መጮኽ ማንንም አይጎዳም፤ "ባሌ" ብሎ ማንሾካሾክ ግን ምን ይባላል? ኬሌራ የባሏን ወሬ የምትሰማበትን ጆሮ ባሏ ራሱ በምስማር ዘጋባት። ወይዘሮ ኡርሚላ ጋ ሄዳ ጠረጴዛዬ ወደ ስልኮቹ ይዛወርልኝ አለች። ሴትዮዋ፣ አንቺ ወዲያ ከሄድሽ እዚህ ማን ይሰማል ብለው መለሷት።

ማታ ሳካራያ እያፏጨ ነው የሚገባው። ማፏጨቱንም ጠላችው።

"ዛሬ ምን ብላህ ነው እንዲያ የሳቅከው?"

"ኧረ ምንም። ቀልድ ነው።"

"ቀልዱን ንገረኛ፣ እኔም ልሳቅ።"

ፊቱን እየታጠበ "ሲነገር አያስቅም" አላት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። ሾብና እንኳ መቀለዱን ትታ ኧረ ተይ፣ የዘመድ ጨዋታ ነው፣ ራስሽን ትጥያለሽ እያለች ትመክራት ጀመር። ምክር ደግሞ ለቀናተኛ ሰው ዝናብ ለሱቫ ነው፤ ይወርዳል፣ ይሄዳል። ከማንም ጋር የማይስቀውን ባሌን አንዲት ሴት መጥታ በወራት ውስጥ አሳቀችው፤ ይኸው ነበር ነገሩ። እሷን የሚያንገበግባት ቶሪካ ልትወስድብኝ ነው የሚለው አልነበረም። እሷ በዚህ ሁሉ ዓመት ያላገኘችውን ቶሪካ ወስዳዋለች።

የመጨረሻው ሳጥን የሚሰቀለው ከኬሌራ ጠረጴዛ በላይ ነበር። ወይዘሮ ኡርሚላ ኬክ አስመጥተው ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ቆሞ ያያል። ሳካራያ ለሚስቱ ጎንበስ ብሎ "ቲሎ" አላትና ወጣ። ሳጥኑን ገጠመው፤ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀ። ሰው ሁሉ በአንዴ ዝም አለ። ዝናቡ ውጭ እየወረደ ነው፤ ግን ከሩቅ ሰፈር የሚመጣ ይመስላል። የግድግዳ ሰዓቱ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቁት።

በዚህ ጸጥታ መካከል ቶሪካ ከወዲያ ጥግ ሳትጮኽ ተናገረች። "እሷን አስፈቅደህ፣ እኔን ሳታስፈቅድ። እንግዲህ ሚስትህ ማናችን እንደሆንን ይኸው ሰው ይፍረድ።"

አዳራሹ ሳቀ። ሳካራያም መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ ልክ ከኬሌራ አናት በላይ ሳቀ። በዚያን ቀን ሳቁን ጥርት ብሎ ሰማችው፤ ከሆዱ የወጣ፣ የወጣትነቱ ሳቅ ነበር። ደሟ ፈላ። ወደ ሾብና ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ሁልጊዜ በምታማበት ድምፅ ተናገረች።

"ባሏን ለዓሣ አብልታ፣ የሰው ባል ስትጠራ አታፍርም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ድሮ ቢሆን ዝናቡ፣ ቆርቆሮው፣ ስልኩ፣ ወንበሩ ሁሉ ተረባርቦ ይውጠው ነበር። አሁን የሚውጠው አልነበረም። ከመስታወቱ እስከ በሩ እያንዳንዱ ሰው እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ሾብና ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ ኡርሚላ ቢላዋውን ኬኩ ላይ እንደያዙ ቀሩ። ቶሪካ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ የረሳችው ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሳካራያ ከመሰላሉ ወረደ። ከሚስቱ አጠገብ ዝቅ ብሎ እንደ ደንቡ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበላት፤ መሰላሉን አጥፎ ተሸክሞ ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። መሳደብ፣ መጮኽ፣ አንድ ነገር ማድረግ እንዲጀምር ብላ እሷው ጮኸች። እኔን ነው የምትኮንነው? ስትንሾካሾኩ አላየሁም መሰላችሁ? ምን ነበር የምትነግርህ? እስክትጨርስ ጠበቃት።

"ስለ ሲሬሊ ነው የምትነግረኝ" አላት። "የወጣ ቀን ቁርሱን ሳይበላ ነው የሄደው። አንድ ወር ሙሉ ይህንኑ ስትነግረኝ ነበር። በዚያ ጩኸት ውስጥ ይህን ለማን ትናገረው? ቦታው ሲለዝብ ተናገረችው።"

"እና ሳቁስ?"

"ማልቀስ ሲመጣባት ትቀልዳለች። እኔም እስቃለሁ።"

ኬሌራ የሚቀጥለውን ጥያቄ ላለመጠየቅ ታገለች፤ ግን መጣ። "ከእኔ ጋርስ ለምን አትስቅም?"

ሳካራያ ቀና ብሎ አያት። "ከአንቺ ጋር ሳቅ ስጀምር" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሳልጨርስ ምን ያስቅሃል ትይኛለሽ።"

የተሰደበችው ቶሪካ ብቻ አይደለችም፤ የሳካራያ የእናቱ ቤት በሙሉ ተሰድቧል። እንዲህ ያለው ነገር በቃል ይቅርታ አያልቅም። ባልና ሚስቱ ለእርቅ የሚቀርበውን የካቫ ተክል ሥርና ትልቅ ሰሌን ይዘው፣ የሚናገርላቸው ሽማግሌ ይዘው የቶሪካ አጎት ቤት ሄዱ። ኬሌራ በሩ ሥር አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ሽማግሌው ተናገረ፣ አጎትየው ስጦታውን ዳሰሱና ተቀበሉ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቶሪካ "ተቀብያለሁ፣ እትዬ" አለቻት። እንደ ልማዷ ግን አልቀለደችም። ነገሩ አለቀ ተባለ።

ኬሌራ የፈለገችውን ሁሉ ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሪካ "ባሌ" ማለት ተወች። አንድ ቀን ከስልኮቹ በላይ ያለው ሳጥን ውሃ አስገብቶ ሳካራያ ሊጠግን መጣ። ቶሪካ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመና ጎንበስ ብሎ "ቲሎ" አላት። እሷም እንደ ጨዋ ሴት አንገቷን ዝቅ አደረገች። ጠገነ፣ ወረደ፣ አጨበጨበ፣ ሄደ። ኬሌራ ከሩቅ ሆና ይህን ስታይ ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ደስታው አልመጣም።

ቤትም ማፏጨቱ ቀረ። ሳካራያ ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፤ አያኮርፍም፣ ክፉ አይናገርም፣ ጨው ሲያወርድ ቲሎ ይላታል። ኬሌራ ሳቁን ራሷ ልታመጣው ሞከረች። የሾብናን ምራት ቀልድ አጥንታ ራት ላይ ነገረችው፤ "እህ" አላት። ሌላ ቀልድ ነገረችው፤ ቀልድ መሆኑን ስላላወቀ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አንድ ቀን ደግሞ ቶሪካ እንደምታደርገው ዓሣውን ከእጁ ነጠቀችው፤ የራባት መስሎት የራሱን ድርሻ ጨመረላት። ይህን ለሾብና ስታወራላት ሾብና በሳቅ ፍርስ አለች፤ ኬሌራ ግን እንባዋ መጣ። ድሮ ያ ሳቅ መኖሩን ረስታ ኖራለች። አሁን እንዳለ ታውቃለች፣ በገዛ አፏ እንዳጠፋችውም ታውቃለች፤ ቅናቷም የሚቀናበት ሰው አጥቶ እሷኑ ይበላት ጀመር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ተነስታ አዳራሹን አቋርጣ ቶሪካ ጠረጴዛ ጋ ሄደች። ሰው ሁሉ በዓይኑ ተከተላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"የዘመድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ" አለች። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ስትታገል አንገቷ ይገታተራል። የዘመድ ልመና አይመለስምና ቶሪካ እጇን ከስልኩ ላይ አነሳች።

"ምንድን ነው፣ እትዬ?"

"ጥሪው።"

"ማንን?"

"ሳካራያን። እንደ ድሮው ባሌ በይው።"

ቶሪካ ትክ ብላ አየቻት። "እያሾፍሽብኝ ነው?"

"አይደለም።"

"ባልሽ አይደለም እንዴ? አንቺ ለምን አታስቂውም?"

ኬሌራ ወደ እጆቿ አየች። "አላውቅበትም" አለች። "ሞክሬያለሁ። አላውቅበትም።"

ቶሪካ የስልኩን ሽቦ ቀና አደረገች። "ስለ ሲሬሊ ያልሽውን አልረሳሁትም" አለች በመጨረሻ።

"አትርሺው። የለመንኩሽ ሌላ ነው።"

አንድ ስልክ ጮኾ ቆመ፤ ቶሪካ አላነሳችውም። ከዚያ መነጋገሪያውን አንስታ የሳካራያን የእንጨት ሥራ ቤት ደወለች። እሱ ሃሎ ሲል ኬሌራ ተነሳች፤ መሄድ ፈልጋ ግን አልሄደችም።

"አንተ ሽማግሌ ባሌ" አለች ቶሪካ፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ትንሽ ሻከረ፣ ከዚያ ተስተካከለ። "ሚስትህ ዛሬ በገዛ እጇ ለእኔ መርቃሃለች። ሰሌኔን ተሸክሜ ልምጣ ወይስ መኪና ትልካለህ?"

በመነጋገሪያው ውስጥ ሳካራያ ሳቀ። በመጀመሪያ እየፈራ፣ ቀጥሎ ሳይፈራ ሳቀ፤ አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበርና ሾብና እንኳ ከወዲያ ጥግ ቀና አለች። ኬሌራ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ቅናቱ እንደ ድሮው አንጀቷን ቆረጠው፣ እንዲያውም ባሰ። ቶሪካ ልትዘጋው እጇን ስታንቀሳቅስ ክንዷን ያዘቻት።

"ቆይ" አለቻት በሹክሹክታ። "አትዝጊው፤ ትንሽ ይሳቅ።"